ዝግ ያለ ዜማና የጆሮ ሚዛን

ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ የጎረቤትን እንቅልፍ ላለማወክ ራዲዮውን ዝግ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው፣ ቀን ደረቱን ይመታው የነበረው የከበሮና የባስ ጊታር ድምፅ ወዴት እንደ ገባ ሳይገረም አይቀርም፤ ዘፈኑ ያው ዘፈን፣ መሣሪያውም ያው መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ዘፋኙ ብቻውን ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ጥፋተኛው ራዲዮው ሳይሆን የገዛ ጆሯችን መሆኑን በቁጥር መርምረው ያስረዱት፣ በአሜሪካ በቤል የስልክ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን ናቸው።

እነዚህ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት የተከተሉት መንገድ ሲነገር ቀላል፣ ሲፈጸም ግን ትዕግሥትን የሚፈታተን ነበር። ሰሚው ማዳመጫ በጆሮው ላይ አድርጎ በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ መለኪያ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ሌላ ወፍራም ወይም ቀጭን ድምፅ ይከተልለታል፤ የእርሱም ተግባር የትኛው እንደሚበረታ መፍረድ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ በሚዛን እስኪተካከሉ ድረስ አንዱ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ከዚህ ሁሉ ፍርድ በተሣሉት መስመሮች እንደሚነበበው፣ መለኪያው ድምፅ በ40 ዴሲቤል ዝግ ብሎ ሲሰማ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ከእርሱ እኩል እንዲሰማ ከ20 ዴሲቤል የሚበልጥ ጭማሪ ይሻል፤ ይህም በኃይል ሲታሰብ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ድምፁ እየበረታ በሄደ መጠን ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። (እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1956 ልኬቱን ደግመው አንዳንድ ቁጥሮችን ቢያርሙም፣ ነገሩ በመሠረቱ አልተናወጠም።)

ጥናቱ በወጣበት በ1933፣ ሚያዝያ መገባደጃ ላይ፣ የፍሌቸር ባልደረቦች በፊላደልፊያ ይጫወት የነበረውን ኦርኬስትራ በሦስት የስልክ መስመሮች ወደ ዋሽንግተን ሲያስተላልፉ፣ ስመ ጥሩው ሙዚቀኛ ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ የመሪነት በትሩን ለረዳቱ ትቶ፣ ራሱ በዋሽንግተን ከድምፅ መቆጣጠሪያው ፊት ተቀመጠ። ለእኔ በጥናቱ ከተሣሉት መስመሮች ሁሉ ይልቅ ይህ ነገሩን ይገልጥልኛል፤ የድምፅን መጠን የሚያዝ ሰው የዜማውንም መልክ የሚያዝ መሆኑን ያ ሰው ሳይነገረው ያውቅ ነበርና።

የራዲዮ ሠሪዎች መድኃኒት ከዚህ ይልቅ ትሑት ነበር። በቮልዩም ማዞሪያው አካል መካከል አንድ ተጨማሪ እግር አውጥተው፣ በካፓሲተርና በሬዚስተር ከመሬቱ መስመር ጋር አገናኙት፤ እጅ ማዞሪያውን ዝቅ ባደረገ ቁጥር መካከለኛው ድምፅ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ወፍራሙ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በኋላ ዘመን በማጉያዎችና በቴፕ ላይ «ላውድነስ» ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ የዚሁ ልጅ ነው። ጉድለቱ ግን ከሥሩ ነበር፤ ቁልፉ የሚያውቀው ማዞሪያው የቆመበትን ቦታ እንጂ፣ የክፍሉን ስፋት፣ የድምፅ ማጉያውን ጉልበት፣ ካሴቱ ጮኾ ወይም ደክሞ መቀረጹን አይደለም። ስለዚህ በአንዱ ቤት ልክ የሆነው በሌላው ቤት ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፤ ብዙ ሰውም ቁልፉን አንዴ ተጭኖ፣ ድምፁን ጣሪያ ካስነካ በኋላ እንኳ ሳያጠፋው ይኖራል። ያማሃ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለላውድነሱ የራሱን ማዞሪያ ሰጥቶ፣ ሰሚው በመጀመሪያ ከፍተኛውን ድምፅ በቮልዩሙ እንዲወስን፣ ከዚያ በዚህኛው ዝቅ እንዲያደርግ ማዘዙ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የቀና መፍትሔ ነው።

በዐቢይ ጾም ሌሊት ግን በአሮጌው ራዲዮዬ፣ ቁልፍ በሌለው፣ በገና እሰማለሁ። በበርኩማውና በጅማቱ መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ወፍራሙን ጅማት እንደ ንብ ያስጮኸዋል፤ ጆሮም በቀላሉ የሚይዛቸውን ቀጫጭን ድምፆች ይጨምርለታል። ድምፁን ከሹክሹክታ በታች ባወርደውም ያ ጅማት አይጠፋም።