ቆቃ፦ በካሣ የመጣ ሐይቅ፣ በጾም የሚፈለግ ዓሣ

ዱከም ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? መልሱን እናውቀዋለን፤ ቁርጥና ጥብስ። ከአዲስ አበባ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር መጥቶ ዱከም ላይ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ያልበላ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሥጋ ልናወራችሁ አልተነሳንም። ጉዳያችን በጾም ወራት፣ ሥጋ ቤቶቹ ቀዝቀዝ ሲሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ብቅ የሚለው ነገር ነው። ዓሣ!

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብታለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኛ ዱከም አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ ተሰብስበን ዓሣ ጥብስ አዘዝን። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተነዋል፤ እኛ የተራብን ሰዎች ነን።) አስተናጋጇ ዓሣው የቆቃ መሆኑን ነገረችን። ከመካከላችን አንዱ፣ ቆቃ ግድብ አይደለም እንዴ፣ ዓሣ ከየት መጣበት ብሎ ጠየቀ። ዝም ተባባልን። ጋዜጠኝነት ተምረን በዲግሪ የተመረቅን ሰዎች፣ ከምንበላበት ወንበር የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይርቀውን ሐይቅ ታሪክ አናውቅም። አፍረን ወደ ቤት ገባን፤ ማንበብም ጀመርን።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓሣም ከመብራትም ሳይሆን ከጦርነት ነው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ኢትዮጵያ ለደረሰባት ጥፋት ወደ 185 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ ካሣ ጠይቃ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የወሰነላት ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ውል ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ተቆርጦላቸዋል። ያችም 25 ሚሊዮን ብትሆን ቶሎ እጅ አልገባችም። ድርድሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ከዚያም ባነሰ ሂሳብ ተስማሙ፤ ገንዘቡም አዋሽ ላይ ለሚሠራ ግድብ እንዲውል ተደረገ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። በመርዝ ጋዝ ለሞተው፣ በየካቲት 12 ለታረደው፣ ለተቃጠለው ቤትና ገዳም ሁሉ የተከፈለን ካሣ ይኸው 42 ሜትር የሚያህል የኮንክሪት ግድግዳ ነው። የሚያመነጨው ኃይል ወደ 43 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ በሕዳሴ ግድብ ምክንያት በሺህ የሚቆጠር ሜጋ ዋት አፋችን ላይ ለለመደ 43 ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ከመብራቱም ሌላ ግድቡ የአዋሽን ጎርፍ ይገታል፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ሆላንዶች (ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው ኩባንያ) ያካሂዱት ለነበረው የወንጂ ሸንኮራም ውሃ ይቆጥባል።

ውሃው የተኛበት ሜዳ ባዶ አልነበረም። ያ አካባቢ የጂሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ አዋሽ በክረምት ሞልቶ ሲመለስ ለምለም ሣር የሚተውለት ምድር ነበር። ካሣ ተብሎ በመጣ ገንዘብ የተሠራ ግድብ ሌላ ካሣ የሚጠይቅ ሰው ፈጠረ ማለት ነው። ይህኛውን ሂሳብ ግን ፓሪስ ላይ የተቀመጠ ማንም አልመዘገበውም።

ጃንሆይ ሐይቁን ገሊላ አሉት። ቤተ መንግሥትም አሠሩበት። መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ገሊላ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው ጌታን የተከተሉበት ባሕር ነው። እኛ ዘንድ የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሐይቁ መጣና መረብ ይዞ የማያውቀውን ሰው አጥማጅ አደረገው።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ዓሣው ከየት መጣ? ከፊሉ መልስ ቀላል ነው፤ አዋሽ ድሮም ዓሣ አያጣም። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ቢልጫው ጥልቅና ሰፊ ውሃ ሲያገኝ ተራባ። አራተኛው፣ ካርፕ የሚባለው ግን ታሪኩ ይገርማል። የዓሣ ተመራማሪዎች እንደሚጽፉት ካርፕ መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አቃቂ ወንዝ ላይ ባለው በአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። አቃቂ ደግሞ የሚፈሰው ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ወደ ቆቃ። እንግዲህ አስቡት! ጣሊያን ይዞት የመጣው የዓሣ ዘር ጣሊያን በከፈለው ካሣ በተሠራው ሐይቅ ውስጥ ይዋኛል። እንዲህ ያለውን ልቦለድ ጽፈን ብናመጣ አርታኢያችን "በዛ" ይለን ነበር።

አጥማጆቹስ? በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮች ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ያጠምዳሉ። የቆቃ ዳር ሰው ግን አርሶ አደርና ከብት አርቢ ነው፤ ለእሱ ዓሣ ምግብ ለመሆን ጊዜ ወስዷል። ነገሩን የቀየረው ገበያ ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት አቋቁሞ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወደ አዲስ አበባ ማጓጓዝ ጀመረ፤ ከአውሮፓ ማኅበረሰብ በተገኘ እርዳታም መረብና ጀልባ ታደለ። ከዚያ ወዲህ መሬት ያልደረሰው ወጣት ሁሉ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። በሬ ከመግዛት መረብ መግዛት ይቀላላ!

አሁን ወደ ነሐሴያችን። አምባዛ ዘሩን የሚተካው በክረምት ነው። ጎርፉ ሲመጣ ከጥልቁ ውሃ ወጥቶ ሣር ወደ ዋጠው ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻና ወደ ወንዞቹ አፍ ይሄዳል፤ እንቁላሉን ሣሩ ላይ ይበትናል፤ እንቁላሉም በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ቆሮሶ ደግሞ እናቲቱ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። እና ይህ ሁሉ የሚሆነው መቼ መሰላችሁ? እኛ ፍልሰታን ይዘን "ዓሣ የለም ወይ?" በምንልበት ሰሞን። አምባዛ ዳር ላይ ሲወጣ ለመያዝ መረብም ላያስፈልግ ይችላል፤ መንጠቆ፣ አንዳንዴም ዱላ ይበቃል። ዋጋው ከፍ በሚልበት ቀን፣ ለመያዝ በሚቀልበት ቦታ፣ እንቁላል ያዘለችው ትያዛለች። አጥማጁን አትፍረዱበት፤ የትምህርት ቤት ምዝገባም በዚያው ሰሞን ነው።

በዚህ ጉዳይ ስናነብ ከሩቅ አገር አንድ ዓሣ አጋጠመን። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለመስመር ባስ የሚሉት ዓሣ አለ። ኑሮው ባሕር ውስጥ ሆኖ እንቁላሉን የሚጥለው ወንዝ ገብቶ ነው፤ በበጋቸው ሰዉ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ቦታ፣ ውሃው ላይ በተሠራ የእንጨት መድረክ ተደርድሮ መንጠቆ ይጥልለታል። ከብዛቱ የተነሣ ገበሬ ለማዳበሪያ ሲቀብረው የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1639 በሕግ ከለከሉ። ሦስት መቶ ዓመት ተበልቶ እ.ኤ.አ. ወደ 1980ዎቹ ሲደርስ ዓሣው አለቀ። የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ጨርሶ አገደች፤ አምስት ዓመት ማንም አያጠምድም! አጥማጁ ጮኸ፣ ተሳደበ፤ ዓሣው ግን ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ማገገሙ ታወጀ።

እኛም ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ይባላል፤ ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። አዋጅ ማውጣትማ ማን ብሎን! ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ሜሪላንድ መንጠቆውን ብትከለክል ውሃው ይጠብቃታል። ቆቃ ላይ አጥማጁን ሁለት ወር ቤቱ ብናስቀምጠው ዓሣው የሚራባበት ውሃ ምን ዓይነት ነው?

አዋሽ ከላይ የታረሰውን አፈር እየጠረገ ያመጣል። ግድቡ ሲሠራ ወደ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ እንዲይዝ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለውን ድርሻ ዛሬ ደለል ይዞታል። ሞጆ ወንዝ ከቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም ያለበት ፍሳሽ እየተቀላቀለበት ወደ ሐይቁ ይገባል። በ2001 ዓ.ም. አልጀዚራ "አረንጓዴው ሐይቅ" የሚል ዘገባ ሲሠራ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሃው ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ አልጌ አግኝተው ነበር። ዳር ላይ ያሉት ሰዎች ያንን ውሃ ይጠጣሉ። እምቦጭ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው ጣና ሲታመም፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ያኔ ወጣቱ ተሰልፎ ሊነቅል ወጣ። በአገራችን መጀመሪያ የታየው ግን ቆቃና አዋሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ እዚያ ሲበቅል ማንም ዘፈን አላወጣለትም።

ደግሞ ጣታችንን ወደ ሞጆ ብቻ አንቀስር። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ካላወቃችሁ፣ በአቃቂ በኩል ካርፕ የሄደበትን መንገድ ነው የሚከተለው። የዱከምም ጅረት መጨረሻው አዋሽ ነው። ቦሌ ላይ የታጠበው ሳሙና፣ መርካቶ ላይ የተደፋው ዘይት፣ ከዚህ ከእኛ ሰፈር የወረደው ሁሉ ቆቃ ደርሶ በቆሮሶ ሆድ ውስጥ ተመልሶ ይመጣልናል፤ በአዋዜ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄደን አየነው። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው አሮጌው መንገድ፣ ድልድዩ አካባቢ፣ ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው እንደ ሁልጊዜው ወደ መኪናው ያወዛውዛሉ። አዲሱ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የሚቆመው መኪና ያን ያህል አይደለም፤ ፍጥነት መንገድ ላይ ቆሞ ዓሣ መግዛት የለማ። ከታች፣ ውሃው ዳር፣ አንድ ሽማግሌና ሁለት ልጆች ዝናቡ እየወረደባቸው መንጠቆ ጥለው ቆመዋል። የያዙት አንድ አምባዛ ጭቃው ላይ ያለ ውሃ ይተነፍሳል፤ አምባዛ አየር መሳብ ይችላል፣ ቶሎ አይሞትም። ሆዱ ተነፍቷል። እንቁላል ይዟል ብለን ጠየቅናቸው፤ ሽማግሌው አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንቁላል ያለበትን የሚወድ ደንበኛ አለ ብለውም ጨመሩልን።

ስንመለስ ዱከም፣ ያችው ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ "ዓሣው ጥብስ ይሁን ጉላሽ?" አለች። ሁለታችን ጥብስ፣ አንዳችን ጉላሽ አዘዝን። ጥያቄውን ያመጣው ጓደኛችን ሽሮ በላ።