ከአሊዩ አምባ እስከ እቴጌ ሆቴል፦ መንገደኛ የት ያድር ነበር?

የአሮጌ ሆቴል ቅርስነት ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንቆጥረው ስም ነው፤ ማን አሠራው፣ ማን በላበት፣ የትኛው ፈረንጅ አደረበት። እኛ ግን ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ልናነሳው እንወዳለን። ሆቴል ከመምጣቱ በፊት መንገደኛ የት ያድር ነበር? እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ፒያሳን ለጊዜው እንተዋትና ቁልቁል ወደ ይፋት እንውረድ።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ያለች የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የግመል ቅፍለት ጭነቱን ወደ እሷ ያመጣ ነበር። አሞሌና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሳንሸሽግ እንናገርና ባሪያም ይወጣል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና አማራው በዓርብ ገበያ ይገናኙ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ከተማ ማደሪያ አጣ? አላጣም፤ ሆቴል ግን አልነበረውም። ነጋዴ ከአገሩ ልጅ ወይም ከደንበኛው ቤት ያርፋል። ከሩቅ የመጣ ባዕድ ደግሞ የንጉሥ እንግዳ ነው። በ1833 ዓ.ም. ሻለቃ ዊልያም ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ በዚሁ መንገድ መጥቶ አሊዩ አምባ አርፏል። በ1834 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም ታሞ ከተማዋ ውስጥ ሰንብቷል፤ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍም የቤቱን ኑሮ በሰፊው ጽፏል። ለእንዲህ ያሉት ከቤተ መንግሥት ድርጎ ይቆረጥላቸዋል። እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ ይመጣል፤ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ነጻ መስተንግዶ ነው እንበል? እኛ አንልም። ድርጎ የበላ እንግዳ እንደ ልቡ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ መምጣቱም መሄዱም በንጉሡ ፈቃድ ነው። ያበላው እጅ ያዘው ማለት ነው።

በ1898 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ የተሠራውን ሆቴል በዚህ ዓይን ብናየው ትርጉሙ ይለወጣል። ያኔ የበሰለ ምግብ መሸጥ ነውር ነበር፤ እንጀራ ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ ይሸጣል እንዴ! አጼ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ነውሩን ሰበሩት ይባላል። ተረት ይሁን እውነት፣ ሰው እንዲህ ብሎ ማውራቱ ብቻ ነገሩ ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ ይመሰክራል። ከፍሎ ያደረ ሰው የማንም እንግዳ አይደለም፤ ጧት ተነስቶ ወደፈለገበት ይሄዳል። የዚያን የእንጨት ደረጃና የሰፊውን በረንዳ ዋጋ እኛ የምናየው እዚህ ላይ ነው።

አሊዩ አምባ ግን ወደዚህ ደረጃ ሳትደርስ መንገዱ ጥሏት ሄደ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ግመሉ ቀዘቀዘ፣ ገበያውም አብሮ ቀዘቀዘ።

የቀረልን ሆቴልም ቢሆን ዕድሉ የተደላደለ አይደለም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ የሕንጻውን ከፊል በላ፤ ሙዚቃ የሚሰማበት ጃዝ አምባም አብሮ ነደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው የነበሩ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ሙዚየም ይሁን የሚል ቢመጣ እኛ አንስማማም። አልጋው ተነጥፎ፣ ሹሮው ተሠርቶ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሰው ከፍሎ ካላደረበት ከጣውላና ከድንጋይ በቀር ምን ይተርፈዋል? መጠገን ያለበት ግን በባለሙያ ነው፤ ልኬቱ ተወስዶ፣ ፎቶው ተነስቶ፣ ንድፉ ከአንድ በላይ ቦታ ተቀምጦ፣ ዳግም እሳት ቢነሳ እንኳ ምን እንደነበረ እንዲታወቅ።

ለአሊዩ አምባ ደግሞ ንድፍ የሚነሳለት ሆቴል የለም። ስለዚህ በክረምት ወደዚያ የሚወርድ ጓድ ካለ ደብተር ይዞ ይሂድ። የሐረሩ ነጋዴ በየትኛው ሰፈር፣ የአፋሩ ባለግመል በየትኛው ግቢ ያርፍ እንደነበር ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ይምጣ፤ ይህ መጽሔት ገጽ ይሰጠዋል።