የመንገደኛ ትኩሳት በወለጋ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው «የኅዳር በሽታ» በወቅቱ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እንደነበረ ይታወቃል። በመዲናይቱ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ስላደረሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይወሳም። በወለጋ ገዥ የነበሩት ብሩ ወልደ ገብርኤል ከወረርሽኙ በኋላ ሐኪም የጠየቁት በሱዳን ከነበረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ነበር፤ ዶክተር ቶማስ ላምቢም እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ሰዮ (ደምቢ ዶሎ) መጡ። ለዚያ አካባቢ የሱዳን መንገድ ከመዲናይቱ መንገድ ይልቅ ይቀርብ ነበርና።

የነቀምቴ ሰው የሚያውቀው የመንገድ ትኩሳት ግን ንዳድ ነው። ከተማይቱ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የዴዴሳ ሸለቆ ከእርሷ እጅግ ዝቅ ይላል። ለንግድ ወይም ለእርሻ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደጋ ላይ ይታመማል፤ ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ በጉበት አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊያገረሽበት ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ደጋ ወደ ወለጋ ቆላ የሰፈሩት ወገኖች የወባ መከላከያ አቅም ሳያዳብሩ ነበር የወረዱት።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጠረው ትኩሳት ከዓይን ቢጫነት ጋር ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የወለጋ ክፍል ከነበረችው ከአሶሳ ማዶ፣ በሱዳኗ ኩርሙክ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ቢጫ ወባ ተነሥቶ ነበር። ከ1960 እስከ 1962 ደግሞ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ወደ 100,000 ሰው አሳምሞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ስሙ ያሳስታል እንጂ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። የወባ ተውሳክም ሆነ የግርሻ ትኩሳት ቦሬሊያ በደም ስላይድ ይታያሉ፤ የቢጫ ወባ ቫይረስ ግን አይታይም። በቆላ ነዋሪ ደም ውስጥ ወባ መገኘቱም ሌላውን በሽታ አያስቀርም። ቢጫ ወባ ከንክሻው በኋላ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ቀን ውስጥ ስለሚጀምር በሽተኛው ከየት፣ መቼ ተመለሰ የሚለው ጥያቄ ከማይክሮስኮፑ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ላይ ቅማል የሚያስተላልፈው የግርሻ ትኩሳት ተገኘ። በሽታውን ዓይተው የማያውቁ ሐኪሞች በአንዳንዶቹ ላይ ቦሬሊያን ያዩት ወባ ሲፈልጉ ነበር። ብዙዎቹም የተያዙት በአገራቸው ሳይሆን በጉዞው ላይ፣ በተጨናነቁ ማደሪያዎች ውስጥ እንደሆነ ታምኖበታል።