የሞተሪኖ መስመር ብልሽት ከካምቢዮ ቅየራ በኋላ

አውቶማቲክ ካምቢዮ የነበረው ፒክአፕ ወይም የጭነት መኪና ወደ ማንዋል ሲቀየር ከሚያጋጥሙ ችግሮች ዋነኛው፣ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ድምፅ አለማሰማቱ ነው። የዳሽቦርድ መብራት ይበራል፣ ባትሪውም ደህና ነው፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ሞተሪኖው አይደለም። አሮጌው ካምቢዮ ሲወርድ በላዩ የነበረው የደህንነት ማብሪያ አብሮ ስለወረደ የማስነሻው መስመር ተቋርጧል። ስለዚህ ጥገናው ሁለት ሥራ አለው፤ ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ ማድረግ፣ እንዲሁም ማብሪያው ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ወደ ፍሪሲዮን ፔዳል ማዛወር።

ታሪካዊ ዳራ

ለዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ መኪና ሲመጣ ሞተር የሚነሳው በእጅ ማንቀሳቀሻ ብረት ነበር። ሞተሩ ወደኋላ ሲመታ የብዙ ሾፌሮችን ክንድ ይሰብር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ የ1912 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላይ ከተገጠመ በኋላ ብረቱ ቀስ በቀስ ቀረ። የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኦልድስሞቢሎች ላይ ለገበያ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ድንገት ቢነሳስ? መልሱ ማርሹ ፓርኪንግ ወይም ኒውትራል ላይ ካልሆነ ሞተሪኖውን የሚያግድ ማብሪያ ሆነ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 102 አውቶማቲክ መኪና ወደፊት ወይም ወደኋላ በሚያስኬድ ማርሽ ላይ ሳለ ሞተሪኖው እንዳይሠራ ያስገድዳል።

ቅየራው በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንገዶች የሚሠሩት የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ ማንዋል ናቸው። መካኒኩ የሚያውቀውም፣ በመርካቶ ሶማሌ ተራ በቀላሉ የሚገኘውም የማንዋል ዕቃ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ግን ልዩ ዕውቀትና ውድ ዕቃ ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች ኤክሳይስ ታክስ ከፍ በማለቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ አዋጪ ሆኗል። ማንዋል መኪና ባትሪ ቢደክም ተገፍቶ መነሳቱም ሾፌሮች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች የዚህ ሥራ አካባቢያዊ መልክ ይታይባቸዋል። ሰንዳፋ በደሴ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያሉ የዋና ከተማዋ የጭነት በሮች ናቸው። አራቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ የናፍጣ ሞተር ረዘም ላለ ጊዜ መዞር ይፈልጋል። በቆላ ሳይታወቅ የሚያልፍ ደካማ ግንኙነት በሰንዳፋ ማለዳ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

መስመሩ እንዴት ይሠራል?

ሞተሪኖው ሁለት መስመሮች አሉት። ወፍራሙ ገመድ ከባትሪ ተነስቶ 30 ወደሚባለው ተርሚናል ይገባል፤ ቁልፍ ተዘግቶም ቢሆን ኤሌክትሪክ አለው። ቀጭኑ የትእዛዝ መስመር ከባትሪ በፊውዝ አልፎ ወደ ቁልፉ ማብሪያ፣ ከዚያ በደህንነት ማብሪያውና በሪሌው በኩል ወደ ሶሌኖይዱ ተርሚናል 50 ይደርሳል። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ፒኒዮኑን ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ያገናኛል፣ ወዲያውም የወፍራሙን ገመድ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ይለቃል። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በማሳ፣ ማለትም በሞተሩ አካል፣ በሻሲውና በኔጋቲቭ ገመዱ በኩል ነው።

የደህንነት ማብሪያው ቦታ እንደ መኪናው ይለያያል። በአንዳንዱ ከሪሌው በፊት በፖዘቲቭ በኩል ይገኛል። በሌላው የሪሌውን ጥቅል ወደ ማሳ የሚያወርደው እሱ ነው። በአዳዲሶቹ ደግሞ ምልክቱን የሚቀበለው የሞተሩ ኮምፒውተር ሲሆን ለሪሌው ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው። የመኪናውን የሽቦ ንድፍ ሳያዩ ገመድ መቁረጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ከሁሉ በፊት ጎማው በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ማርሹ ኒውትራል ይደረጋል።

ቀጥሎ ባትሪው ይለካል። ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲሠራ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ለተገናኙበት የ24 ቮልት መኪና ቁጥሮቹ በእጥፍ ይታሰባሉ።

ሦስተኛው ልኬት ፍለጋውን ለሁለት ይከፍላል። ረዳት ቁልፉን ወደ ማስነሻ ሲያዞር ተርሚናል 50 ይለካል። ወደ ባትሪው የቀረበ ቮልት ካለና ሞተሪኖው ዝም ካለ ጥፋቱ በሶሌኖይዱ፣ በወፍራሙ ገመድ ወይም በማሳ ነው። ምንም ከሌለ የትእዛዙ መስመር ተቋርጧል፤ ፍለጋውም ወደ ሪሌው ይሄዳል። ቁልፍ ሲዞር የሪሌው ጥቅል ሁለት ጫፎች፣ 85 እና 86፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ማሳ ማግኘት አለባቸው። የጎደለው ጫፍ የጠፋው ማብሪያ በየትኛው በኩል እንደነበረ ይናገራል። ሪሌው እየሠራ ከተርሚናል 87 ቮልት ካልወጣ ፊውዙ ወይም የሪሌው መገናኛ ይመረመራል።

መጨረሻ ላይ ከአሮጌው ካምቢዮ የተረፈው ሶኬት ይታያል። በውስጡ የማርሽ ጠቋሚ መብራት፣ የኋላ ማርሽ መብራትና የማስነሻ ገመዶች አብረው ስላሉ በቀለም ግምት ማገናኘት አደገኛ ነው። ማብሪያው በፖዘቲቭ በኩል በሆነበት መኪና ቁልፉ ማስነሻ ላይ ሲሆን ብቻ ኤሌክትሪክ የሚታይበት ገመድ የማስነሻው ነው። ቁልፉ እንደተከፈተ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ግን ለኋላ ማርሽ መብራት ወይም ለጠቋሚዎቹ የሚያገለግል ነው። የኋላ ማርሽ መብራት ሁለቱ ገመዶች በአዲሱ ማንዋል ካምቢዮ ላይ ወዳለው ማብሪያ ይዛወራሉ።

ትክክለኛው ጥገና

በብዙ ጋራዦች የሚደረገው ሁለቱን የማስነሻ ገመዶች አጋጥሞ መጠቅለል ነው። መኪናው ይነሳል፤ ነገር ግን ማርሽ ውስጥ ሳለም ይነሳል። ተዳፋት ላይ ማርሽ አስገብቶ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ቁልፍ ቢያዞር ወደፊት ይዘላል፤ ፊቱ የቆመ ሰው ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። ከሥር ተኝቶ ሶሌኖይዱን በካቻቢቴ የሚያገናኝ መካኒክም ለዚሁ አደጋ ይጋለጣል።

ትክክለኛው መንገድ ገመዶቹን በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ በሚገጠም ማብሪያ ማሳለፍ ነው። ማብሪያው ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ብቻ የሚያገናኝ መሆን አለበት። የሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ በቀጥታ በማብሪያው የሚያልፍ ከሆነ ትንሽ ማብሪያ ይቃጠላል፤ በመካከል ሪሌ ይገባል። ኮምፒውተሩ ምልክት የሚጠብቅ ከሆነም የማብሪያው ግንኙነት በአምራቹ የማንዋል ሞዴል ንድፍ መሠረት ይሠራል።

ከሽቦ ውጭ ያሉ ምክንያቶች

በሞተሩና በሻሲው መካከል ያለው የማሳ ገመድ በአንዳንድ መኪናዎች የሚታሰረው በካምቢዮው ብሎን ነው። ሲገጣጠም ከተረሳ ሞተሪኖው ይንቀራፈፋል ወይም ሶሌኖይዱ ብቻ ቀጭ ይላል፤ ኤሌክትሪኩ በጋዝ ወይም በፍሪሲዮን ኬብል ለመመለስ ሲሞክርም ኬብሉ ይግላል። ሞተሪኖው እየሠራ በሞተሩ አካልና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደካማ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ቀጭን ጥርሳም ሰሌዳ ሲጠቀም ማንዋሉ ከባድ ቮላኖ ይፈልጋል። በአንዳንድ ሞተሮች የሁለቱ የጥርስ ቁጥርና ጥልቀት ስለሚለያይ ሞተሪኖውም አብሮ መቀየር ይኖርበታል። ሲነሳ የብረት መፋጨት ድምፅ ከተሰማ ማስነሳቱ ይቆማል፤ ደጋግሞ መሞከር የቮላኖውን ጥርስ ይበላል፣ ካምቢዮውንም እንደገና ማውረድ ያስከትላል።

ርክክብ

ጎማው እንደታገደ፣ ማርሹም ኒውትራል ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፍ ይዞራል፤ ሞተሪኖው መንቀሳቀስ የለበትም። ፔዳሉ ሲረገጥ ወዲያው መሥራት አለበት። የኋላ ማርሽ ሲገባ የኋላው መብራት መብራት ይኖርበታል። መኪናው ስለተነሳ ብቻ ሥራው አላለቀም፤ የመጀመሪያው ፈተና ካልተሳካ ቁልፉ ለባለቤቱ አይሰጥም።