ስለ ባግዳድ አንበሶች

በትንቢተ ዮናስ መጨረሻ እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲገልጥ ከሰዎቹ ጋራ እንስሶቹንም ይቈጥራል። እኛም በየዓመቱ የነነዌን ጾም እንጾማለን፤ ነገር ግን በዚያች ከተማ ከብቶቹ ጭምር ማቅ ለብሰው እንደ ጾሙ ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ይህን ያሳሰበኝ ስለዚያው አገር፥ ዛሬ ኢራቅ ስለሚባለው፥ የተደረሰ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ነው።

ስሙ «የባግዳድ ኩራት» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የአንበሳ መንጋና ኩራት በአንድ ቃል ይጠራሉና። ታሪኩን የደረሰው አሜሪካዊው ብራያን ቮን፥ ሥዕሉን የሣለው የካናዳው ሰው ኒኮ ሄንሪኮን ነው፤ የታተመውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓመት ነው። በሥዕል የተተረከ ስለ ሆነ የልጆች መጫወቻ መስሎኝ በንቀት ገለጥሁት። ነገር ግን ለልጅ ፈጽሞ የማይሰጥ ገጽ አለበት፤ እኔም ስጨርሰው እንባዬን መከልከል አልተቻለኝም።

ዚል የሚባል ተባዕት አንበሳ፥ ሳፋና ኑር የሚባሉ ሁለት እንስቶች፥ ዓሊ የሚባል ደቦልም፥ የታሰሩበት የአራዊት ግቢ በቦምብ ሲፈርስ ወደ ከተማው ይወጣሉ። ኑር አርነትን ትናፍቃለች፤ አንድ ዓይንዋ የጠፋው አሮጊቷ ሳፋ ግን በረቱን ትመርጣለች። ክርክራቸው ለእኔ ከአውሬ ይልቅ የሰው መሰለኝ። ልቤን የነካው በጤግሮስ ወንዝ ያገኙት ሽማግሌ ኤሊ ነው። ሰዎች ከምድር በታች ስላለው ጥቁር ነገር እንደሚዋጉ፥ በፊተኛውም ጦርነት ያ ነገር ወደ ባሕር ፈስሶ ወገኖቹን እንደ ፈጀበት ይነግራቸዋል። ይህም ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በ1991 ዓመት በኩዌት ጦርነት ጊዜ እጅግ ብዙ ዘይት ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ፈስሶ ስፍር ቍጥር የሌለው ወፍ ገድሏል።

በመጨረሻ አንበሶቹ የፀሐይን መጥለቅ ቆመው ሲመለከቱ የአሜሪካ ወታደሮች ተኵሰው ይገድሏቸዋል። የዚህም መነሻ እውነት ነው፤ በሚያዝያ 2003 አራት አንበሶች ከባግዳድ የአራዊት ግቢ አምልጠው በወታደር ጥይት ሞተዋል። (አንበሶች ዳንኤልን ያልነኩባት ባቢሎን ከዚያ ሩቅ አይደለችም።)

በግቢው ከጦርነቱ በፊት 650 ያህል እንስሳት ነበሩ፤ የተረፉት 35 ያህል ብቻ ናቸው። ብዙዎቹን ዘራፊ ለመብልና ለሽያጭ ወሰዳቸው። በኋላ ሎረንስ አንቶኒ የሚባል የደቡብ አፍሪቃ ሰው ከኢራቃውያን ጠባቂዎች ጋራ ሆኖ ውሃ በባልዲ እያመላለሰ፥ ለአንበሶቹም አህያ እየገዛ አተረፋቸው። በዚህ ሥራ የረዱት አሜሪካውያን ወታደሮችም እንደ ነበሩ ሳይነገር አይታለፍም።

ግቢው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዳግመኛ ተከፈተ። በመስከረም አንድ ወታደር ሊያበላው እጁን ወደ በረቱ ቢያስገባ፥ ከዚያ ሁሉ ረኃብ የተረፈው የሕንድ ነብር ያዘው፤ ባልንጀራውም ነብሩን በዚያው በበረቱ ውስጥ ተኵሶ ገደለው።