የ130 ዶላሩ ጀግና

ሱፐርማንን የማያውቅ ከተሜ ያለ አይመስለኝም። ሰማያዊ ጥብቅ ልብስ፣ ቀይ ካባ፣ ደረቱ ላይ «ኤስ» የምትባለው ፊደል። ፊልሙን ያላየ እንኳ በልጆች ቲሸርት ላይ አይቶታል። የፈጠሩት እነማን ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚመልስላችሁ ሰው ብዙ አታገኙም። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን «ሃምሌትን የጻፈው ማነው?» ቢባል ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣ ነበር። ከሃምሌት ይልቅ በየመንደሩ የሚታወቀው የዚህ ሰውዬ ደራሲ ግን አይጠየቅም፣ አይመለስምም። ይህ መረሳት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የተፈረመበት ውል አለው።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሁለቱም በ1914 የተወለዱ፣ ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጆች፣ ሁለቱም መነጽር የሚያደርጉ ዓይናፋሮች ነበሩ። የተገናኙት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሲግል ይጽፋል፣ ሹስተር ይሥላል። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፤ በ1933 ከአራት አሜሪካዊ ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። ሹስተር ወረቀት መግዣ ሲያጣ በሥጋ መጠቅለያና በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ላይ ይሥል ነበር።

በ1932 ሰኔ ላይ የሲግል አባት ልብስ መሸጫ መደብር ውስጥ ሌቦች ገቡ። በግርግሩ መካከል የአባትየው ልብ ቆመና ሞቱ። ጥይት የማይበሳው ጀግና የተወለደው ከዚህ ኀዘን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ በበኩሌ የደራሲን ሥራ ከአባቱ መቃብር እየቆፈሩ ማውጣት ብዙም አይጥመኝም። ለዚህም ምክንያት አለኝ፤ አባቱ በሞቱ በወራት ውስጥ፣ በ1933 መጀመሪያ፣ ሁለቱ ልጆች ራሳቸው አባዝተው ባሰራጩት መጽሔት ላይ የወጣው የመጀመሪያው «ሱፐርማን» ጀግና ሳይሆን የሰው ሐሳብ የሚያነብ መላጣ ክፉ ሰው ነበር። ወደ ደግነት የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም የሚወራ አለ። የጀግናው የትውልድ ስም «ካል-ኤል» ስለሆነ፣ ሕፃን ሳለም እንደ ሙሴ ከጥፋት እንዲተርፍ ብቻውን ተጭኖ ስለተላከ፣ ታሪኩ የአይሁድ ምሥጢር ነው ይባላል። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ አማኑኤል እያለ ለሚጠራ እንደኛ ያለ ሕዝብ «ኤል» ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ትርጓሜው ያምራል። ችግሩ፣ ስሙ በ1939 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መጨረሻው ላይ የነበረችው «ኤል» የምትባለው አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ መሆኗ ነው። ዛሬ በምናውቀው መልክ የተጻፈው ቆይቶ ነው። የሙሴውን ነገር ግን መካድ ይከብዳል።

ልጆቹ ሥራቸውን ይዘው ለዓመታት ደጅ ጠኑ። አንዱ ድርጅት ገና ያልበሰለ ነው ብሎ መለሰላቸው። በመጨረሻ አንድ የኒው ዮርክ አሳታሚ «አክሽን ኮሚክስ» ብሎ ለሚጀምረው በሥዕል የሚተረክ መጽሔት ፈለገው። ለጋዜጣ የተሠራውን ሥዕል በመቀስ ቆራርጠው፣ በሙጫ ለጣጥፈው 13 ገጽ አደረጉት። ክፍያው በገጽ 10 ዶላር፣ በድምሩ 130 ዶላር። መጋቢት 1938 የፈረሙት ወረቀት ግን 13 ገጽ ብቻ የሚሸጥ አልነበረም። ታሪኩን፣ ስሙን፣ ገጸ ባሕሪውን ለዘለዓለም ለአሳታሚው የሚያስረክብ ነበር። ሁለቱም ያኔ 23 ዓመታቸው ነው። አሠራሩ የተለመደ ነበር፤ አልፈርምም የሚል ሥራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ እነሱ ደግሞ መመለስ ሰልችቷቸዋል።

መጽሔቱ ሚያዝያ ላይ በ10 ሳንቲም ወጣ፤ የታተመው 200,000 ያህል ቅጂ ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነበው የሚገርመው ሱፐርማን ያኔ ማንን ይዋጋ እንደነበር ነው። ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም። ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ያድናል፣ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ያስደነግጣል፣ የሕዝብ እንደራሴ የሚያማልል ደላላ ጆሮ ይይዛል። በሁለተኛው እትም የጦር መሣሪያ ነጋዴውን ራሱን ወታደር አድርጎ ጦር ሜዳ ያሰልፈዋል። በሦስተኛው የማዕድን ባለቤቱን ከነእንግዶቹ ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ የሠራተኛውን ኑሮ ያቀምሰዋል። ልብ በሉ፣ መብረር እንኳ ገና አልጀመረም፤ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይዘላል እንጂ። የድሃ ልጆች ቁጭት ነው ካባ ለብሶ የቆመው።

በ1940 ሁለቱ ልጆች ለ«ሉክ» መጽሔት ባዘጋጁት አጭር ታሪክ ሱፐርማን ሂትለርንና ስታሊንን አንጠልጥሎ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያስረክባል። የናዚ ኤስ ኤስ ጋዜጣ ተበሳጨና ሲግልን አይሁድነቱን እየጠቀሰ ተሳለቀበት። በርሊን ድረስ ስሙ የተጠራ ደራሲ ኒው ዮርክ ላይ ግን ተቀጣሪ ነበር። በ1943 ለውትድርና ተመለመለ። እሱ በሌለበት አሳታሚው የሱፐርማንን ልጅነት፣ «ሱፐርቦይ»ን፣ ሳያስፈቅደው አወጣ። በ1947 ሁለቱ ጓደኛሞች ከሰሱ። በዓመቱ 94,000 ዶላር ያህል ተቀብለው ታረቁ፤ ከዚያም የጠበቃ ተቀነሰ። ሥራቸውን አጡ። ስማቸውም ከሱፐርማን ገጽ ላይ ተፋቀ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለዚህ ጀግና ነው። እሱ በ1950ዎቹ በቴሌቪዥን ሰው ሲያድን፣ የሹስተር ዓይን እየደከመ ሄዶ ሠዓሊው ዕቃ አመላላሽ ሆነ። ሲግል ስሙ ሳይጠቀስ ለዚያው ኩባንያ ለጥቂት ዓመታት ከጻፈ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በ1975 ትልቅ ፊልም ሊሠራ መሆኑን ሲሰማ ግን አልቻለም፤ ፊልሙን የሚረግም ረጅም መግለጫ ጽፎ ለጋዜጦች በተነ። ሠዓሊዎቹ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን ጉዳዩን ይዘው በየጋዜጣውና በየጣቢያው ጮኹላቸው። ፍርድ ቤት ያልሰጣቸውን ሐፍረት ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዋርነር ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር፣ የሕክምና ዋስትና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። በ1978ቱ ፊልም ላይ ማርሎን ብራንዶ ለአጭር ሚናው የተከፈለው 3.7 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ሹስተር በ1992፣ ሲግል በ1996 አረፉ። ወራሾቻቸው ለዓመታት ተከራከሩ፤ በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ። የመጀመሪያው እትም የቅጂ መብት አሜሪካ ውስጥ የሚያበቃው 2034 ሲገባ ነው። የዚያ የ10 ሳንቲም መጽሔት አንድ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

የመጀመሪያው ክፍያ ቼክም ጠፍቶ አልቀረም። ለሌሎች ሥራዎቻቸው ከተከፈለው ጋር ተደምሮ የ412 ዶላር ቼክ ነው፤ በ2012 በጨረታ 160,000 ዶላር አወጣ። ቼኩን የጻፈው ሰው የሁለቱንም ስም አሳስቶ ነበር። ስለዚህ ባንክ እንዲመነዝርላቸው ጀርባው ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ፈርመዋል፤ አንድ ጊዜ ኩባንያው በጻፈላቸው ስም፣ አንድ ጊዜ በራሳቸው።