ደንበኛ ጠጅ እና የጠጅ ደንበኛ

አማርኛችን «ደንበኛ» የምትለውን ቃል በሁለት መንገድ ይሠራባታል። ከአንድ ሱቅ ወይም ከአንድ ጠጅ ቤት የማይጠፋ ሰው ደንበኛ ነው። ያልተበረዘ፣ ያልተጭበረበረ፣ እንደ ወጉ የተሠራ ነገርም ደንበኛ ነው። «ደንበኛ ጠጅ» የተባለ እንደሆነ ማሩ ማር፣ ጌሾው ጌሾ፣ ቀኑም የሞላ ነው ማለት ነው። የሁለቱም ፍቺ ሥር «ደንብ» ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል። በኢሉባቦር ከተሞች፣ በጎሬም ሆነ በመቱ፣ ጠጁን ደንበኛ የሚያሰኘው ግን ራሱ ደንበኛው ነበር። ግብር ሰብሳቢው ግብሩን እንጂ ጠጁን አይመረምርም፤ በጋን ላይ የሚለጠፍ ማኅተምም የለም። የአንዲት ትንሽ ጠጅ ቤት ሕግም፣ ዳኛም፣ ማስታወቂያም ጠጪው ከበር ሲወጣ የሚናገረው ቃል ነበር።

ይህን ጉዳይ ከሌላው አገር ይልቅ በኢሉባቦር ማየቱ ምክንያት አለው። አገሩ የዝናብ፣ የደን፣ የቡናና የማር አገር ነው። ከመቱ እስከ ያዮ፣ ከጎሬ እስከ ማሻና ጌጫ በተዘረጋው ጫካ ውስጥ ንብ አርቢው ቀፎውን ከመሬት አያኖርም፤ ከረጅም ዛፍ አናት ላይ ይሰቅለዋል። በቀድሞው የሞቻ አውራጃ፣ ዛሬ ሸካ በምንለው፣ «ኮቦ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ክልል የማን እንደሆነ የሚታወቅበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባለቤትነት ሥርዓት ነው። ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው። ሌላው አበባ ቀይም ጠቆር ያለም ማር ይሰጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ለጠጅ የሚቀመጥ ሰው የማር ዕውቀት ይዞ ነው የሚቀመጠው። ኦሮሞው ጠጁን «ዳዲ»፣ ጠላውን «ፈርሶ» ይለዋል፤ የመቱ ጠጪም በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል እየተመላለሰ ነው የሚፈርደው።

ጠጅ በተራ ሰው ገንዘብ የሚገዛ መጠጥ የሆነው ዘግይቶ ነው። በድሮው ሥርዓት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ገበሬው ማሩን በግብር ያገባል፣ ጠጁን ግን ግብር ሲጠራ ካልሆነ አያየውም። አሳላፊው ከጠጁ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ራሱ ከቀመሰ በኋላ ነው ለጌታው የሚያቀርበው። ያ ቅምሻ የመርዝ ፍራቻ ነበር እንጂ የጣዕም ፍርድ አልነበረም። ጌታው ጠጁ ቢጎመዝዘው የሚቆጣው ጠጅ ጣይዋን ነው፤ የግብሩ ተጋባዥ ግን ጎመዘዘም ጣፈጠም ዝም ብሎ ይጠጣል። የነፃ ጠጅ ላይ አስተያየት መስጠት ነውር ነበርና። አስተያየት የተወለደው ጠጁ ዋጋ ሲወጣለት ነው።

በኢሉባቦር ይህ ለውጥ የመጣው ከጎሬ ጋር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ይህች ከተማ የደጃዝማች፣ ኋላም የራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። እሳቸው በ1890 ዓ.ም. ወደ ነጭ አባይ ዘምተዋል፤ በኋላም የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው በ1903 ዓ.ም. አርፈዋል። የመኳንንቱ ግብር ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ጎሬ የጠጅ ቤት ከተማ ባልሆነች። ያደረጋት ጋምቤላ ነው። በ1894 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ተሰጣቸው። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ይመጣሉ። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ከደጋው በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቁ ይወጣል። ጎሬ የዚህ መንገድ ራስ ሆነች። ግሪኩ፣ ሶርያው፣ የሸዋው ነጋዴ፣ ጭነት አውርዶ ነገ የሚመለሰው ነጋድራስና አጋሰስ ነጂ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ፣ ጉሮሮው ላይ አቧራ ይዞ የሚያድርባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ግብር አይጠራም፤ ጠጅ ይገዛል። የገዛውንም ያማርራል።

የሚሸጡለት ሴቶች ናቸው። ኮማሪት ይሏቸዋል። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች፣ ከገጠር ወደ ከተማ የገባች፣ መሬት የማይደርሳት ሴት ጋንና ወንፊት ካገኘች ቤት መክፈት ትችላለች። በሌላው ሥራ ሁሉ የወንድ ስም ወይም ዋስ ይጠየቃል፤ እዚህ የሚጠየቀው እጅ ነው። «እጇ ይጣፍጣል» የሚለው አነጋገር ለወጥ ብቻ የተባለ አይምሰላችሁ፤ ለአንዲት ኮማሪት ከርስትና ከጉልት የሚተካከል ንብረት ነው። የሚያሳዝነው ጠጁን እያወደሰ ጠጅ ጣይዋን የሚንቅ ሰው መብዛቱ ነው። ማታ «እትዬ» እያለ የሚለማመጠው ሰው ቀን በገበያ ሲያያት ሰላምታ ይነፍጋታል። ይህ የኢሉባቦር ብቻ ነውር አይደለም፤ የከተሞቻችን ሁሉ ነው።

ቤቱ ስም የለውም። ጠላ ቤት ከሆነ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ደጁ ላይ ይቆማል፤ ያ ነው ሰሌዳው። ጠጅ ቤቱ የሚጠራው በሴትየዋ ስም ነው፦ «የእትዬ እከሊት ቤት»። ሰውዬው ዛሬ የት እንደሚጠጣ ሲጠየቅ ስሟን ይጠራል፤ ጠጁ ሲበላሽ የሚበላሸው እንግዲህ ስሟ ነው።

ታዲያ ጠጪው ምን ብሎ ይፈርዳል? መጀመሪያ ዓይኑ ይሠራል። ብርሌውን ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ኩራዙ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ደንበኛ ጠጅ ወርቅማ ሆኖ ትንሽ ደፍረስ ይላል፤ እርሾው ገና ሕይወት አለውና። ከመጠን በላይ የጠራ ወይም ከመጠን በላይ የቀላ ያጠራጥራል። ቀጥሎ አፍንጫው ነው። ጋኑ በግራዋ ተፈትጎ ታጥቦ በወይራ የታጠነ መሆን አለመሆኑ ከመቅመስ በፊት ይታወቃል። ከዚያ ምላስ ይመጣል፤ የምላስ ፍርድ ሦስት ስም አለው፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ። ለስላሳው ገና ማርነቱን ያልረሳው ነው፤ ደረቁ ማሩን ጨርሶ ወደ ኃይል የለወጠው ነው። ጎሬ ብርዳማ ስለሆነች ጠጅ እንደ መቱ ቶሎ አይደርስም። በብርድ እርሾ ይዘገያልና። ቸኩላ የቀዳች ኮማሪት ጎሬ ላይ ቶሎ ትጋለጣለች። የመጨረሻው ዳኛ የማግሥቱ ጠዋት ነው። ራስ ምታት ያመጣ ጠጅ ማታ የቱንም ያህል ቢወደስ ጠዋት ይግባኝ ይባልበታል።

አነጋገሩም የራሱ ወግ አለው። ጨዋ ጠጪ «ጠጅሽ መጥፎ ነው» አይልም። «ዛሬ ጋኑ ሌላ ነው እንዴ?» ይላል። ወይም ምንም ሳይል ብርሌውን እግማሽ ላይ ትቶት ይነሣል፤ ይህ ከስድብ ይከፋል። ጥሩ ሲሆን ደግሞ ምስጋናው አጭር ነው። «ይደገም» ይላል። እርሷም ከሁሉ የምትሰማው ይህችን ቃል ነው። ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ የሚባለው ጠጁ ላይ ለሚሰጠው አስተያየትም ይሠራል።

የማይጠጣውም ሰው አስተያየት ነበረው። በኢሉባቦር ከተሞች ሙስሊሙ ብዙ ነው፤ ኋላ ደግሞ ፕሮቴስታንቱ ተጨመረ። ጌሾ ሳይነካው፣ ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ ለእነሱ የተመቸ ነው። እኔ ሳስበው ብርዝ ከጠጅ የበለጠ ፈታኝ መጠጥ ነው፤ ጌሾና ጊዜ የማርን ጉድለት ይሸፍናሉ፣ ብርዝ ግን ምንም መሸፈኛ የለውም። መልካም ብርዝ የሚቀዳበት ቤት ማሩ አይጠረጠርም።

ይህን ሁሉ ስል የደንበኛ አስተያየት ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። ዱቤ ያለበት ሰው ጠጁን ያማል፤ ዕዳውን ከመክፈል ቤቱን ማርከስ ይቀለዋልና። ጎረቤት ኮማሪት ሰው ልካ ታስወራለች። «እገሊት የማይሆን ነገር ትጨምርበታለች» የሚል ወሬ ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ሰሚው ሰውም አይመረምርም፤ አንድ ሳምንት ከቀረ ግን ጋኑ ይጎመዝዛል፤ ከዚያ ወሬው እውነት ይሆናል። ጠጅ አይጠብቅም። ለመንፈቅ ስሟን የገነባች ሴት በአንድ የገበያ ቀን ልታጣው ትችላለች፣ የምትከራከርበት ችሎትም የላትም። የጽሑፍ መዝገብ የሌለው ፍርድ ደግነቱ ቶሎ መድረሱ ሲሆን ክፋቱም ያው ነው።

የጠጪው ምላስ ትልቁ ፈተና የገጠመው በስኳር ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ሩቁ አገር ሁሉ ደረሰ። ማር በሚወደድበት ወቅት ግማሹን፣ አንዳንዴም አብዛኛውን በስኳር መተካት ለኮማሪት የኑሮ ጉዳይ ሆነ። እርሾው ለሁለቱም አያደላም፤ ስኳሩንም ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ቀለሙን በሌላ ማገዝ ይቻላል። ያልተቻለው የማሩን ሽታ መመለስ ነው። ከዚህ ወዲህ ነው «የማር ጠጅ» የሚባል አነጋገር የተለመደው። አያቶቻችን ቢሰሙት ይስቁ ነበር፤ ለእነሱ «የውሃ ዝናብ» እንደማለት ነውና።

እንግሊዞችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ትላልቆቹ ጠማቂዎች በርሜል ውስጥ በሕይወት እያለ የሚፈላውን የጥንቱን ቢራ ትተው፣ የተጣራና በሙቀት እርሾው የተገደለ፣ በጋዝ ግፊት የሚቀዳ ቢራ ማዳረስ ሲጀምሩ፣ በ1963 ዓ.ም. አራት ሰዎች ተነሥተው ለ«እውነተኛ ቢራ» የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ የቱ ትንሽ መጠጥ ቤት ደኅና ቢራ እንደሚቀዳ የሚነግር መመሪያ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። የደንበኛ ሐሜት መዝገብ ሆነ ማለት ነው። የእኛ ጠጪ አልጻፈም፤ ምላሱን ብቻ ነው ያሠለጠነው። የቱ እንደሚሻል መወሰን ይከብደኛል፤ ብቻ በጎሬና በመቱ ስለነበሩት እጀ መልካም ሴቶች ከስማቸው ያለፈ ነገር ልናገኝ ብንፈልግ የሚከፈት መጽሐፍ የለም።

ጎሬ በጣሊያን ወረራ ወራት የአገር መናገሻ እስከ መሆን ደርሳ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ የቀረው መንግሥት እዚያ ተቀምጧል፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ገባባት። ከነፃነት በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ እርሷ ነበረች። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ግን መሥሪያ ቤቶቹ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ መቱ ተዛወሩ። ጠጅ ቤት መሥሪያ ቤትን ይከተላል። ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ወታደሩ ደመወዙን የሚቀበልበት ቦታ ሲቀየር ጋኑም ተከትሎ ወረደ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎና ከትግራይ የመጡ ሰፋሪዎች ሲጨመሩ የመቱ ጠጪ እንደ ድሮው አንድ ዓይነት ምላስ ያለው መሆኑ ቀረ። አንዱ የለመደው ጠላ ለሌላው ቅራሪ ነው።

ከዚያ በ1985 ዓ.ም. የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ከመቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ሥራ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሄኒከን ገዛው። ቢራ ቀድሞም ነበር፤ የጊዮርጊስ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። በደሌ ግን ደጃፍ ላይ መጣ። የታሸገ ጠርሙስ የሚያሳጣው ነገር ገበያ ብቻ አይደለም። ቢራው ዛሬም ነገም ያው ነውና የሚወራበት የለም፤ ሰው «ቀዝቃዛ ነው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ አያልፍም። የትንሿ ቤት ባለቤትም ቢራ ስትሸጥ እጇ አይመሰገንም፣ አይወቀስምም። እፎይታው ብዙ ነው፤ ጋን አይጎመዝዝባትም፣ ወሬ አያጠፋትም። ትርፉ ግን ጥቂት ሳንቲም ነው፣ ስሟም ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ የለም።

ስለ ደንበኛ ካነሣን ግን አንድ የማይጠጣ ደንበኛ እንዳንረሳ፤ የሰም ነጋዴውን ማለቴ ነው። ማሩ ከነእንጀራው በውሃ ሲበጠበጥ ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል። ጠጅ ጣይዋ ገፍፋ ታስቀምጠዋለች፤ ነጋዴው እየዞረ ይለቅመዋል፤ ነጥሮ ሰም ይሆናል። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የምትልከው ሰም አብዛኛው የሚሰበሰበው ከጠጅ ቤቶች ነው፤ ድሮ በጋምቤላ በኩል የወረደውም ጭነት ከዚሁ ወገን ነበር። ይህ ሰው ብርሌ አያነሣም፣ ለስላሳ ደረቅ አይልም። ሰፈፉን በሚዛን ያስቀምጠዋል። ጠጁ ሳይቀንስ ሰፈፉ ከቀነሰ በዚያ ቤት ጋን ውስጥ ምን እንደገባ ያውቃል፤ ስኳር ሰፈፍ የለውምና። ኮማሪቷም እሱ ሚዛኑን ሲያወጣ ዓይን ዓይኑን ታያለች።